ሕሙምን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር

ስትሮክ የመታው፣ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወይም ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የነርቭ በሽታ) የያዘው ሰው በቀን ደጋግሞ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መጸዳጃ መዛወር ይኖርበታል። ፊዚዮቴራፒስቶች (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎች) ይህን ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው ይማሩታል። በእኛ አገር ግን ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀው በአስታማሚው ላይ ነው። አስታማሚ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ዘዴ ነው፤ ከጎረቤት ጉልበተኛ ጠርቶ፣ ብብት ሥር ይዞ ማንሳት።

በስትሮክ ጊዜ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አያያዝ ነው። የትከሻ መገጣጠሚያ ጥልቀት ስለሌለው የክንዱን አጥንት በቦታው የሚይዙት በዋናነት ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲዝሉ ክንዱ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይንሸራተታል። በዚህ ላይ ብብት ሥር ገብቶ ማንሳት ወይም የደከመውን እጅ መጎተት ትከሻውን ይጎዳል። ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ታካሚው እጁን ለማሠራት እንዲፈራም ያደርገዋል። የደከመ ክንድ መደገፍ አለበት እንጂ እንደ እጀታ መያዣ መሆን የለበትም።

ትክክለኛው መንገድ ታካሚው ያለውን አቅም እንዲጠቀም ማድረግ ነው። ዊልቸሩ ብዙውን ጊዜ በጤነኛው ጎን፣ ከአልጋው ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብሎ ይቀመጣል። ፍሬኑ ይያዛል፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሳል። ታካሚው ወደ አልጋው ጠርዝ ይጠጋል፣ እግሩ ወለል ይረግጣል፣ ተረከዙ ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይገባል። ከዚያ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ያን ጊዜ መቀመጫው በራሱ ይቀላል። ረዳቱ የደከመውን ጉልበት በራሱ ጉልበት እየደገፈ፣ እንደ መቀነት ወገብ ላይ የታሰረውን ሰፊ ቀበቶ ይዞ አብሮ ይዞራል። ንግግር ለሚቸግረው ሰው ሊሆን ያለውን በእጅ ምልክት አስቀድሞ ማሳየት ግድ ነው።

አንዳንድ የስትሮክ ታካሚዎች በጤነኛው እጅና እግራቸው ራሳቸውን ወደ ደካማው ጎን ይገፋሉ፤ ለማቅናት ሲሞከር ደግሞ ይታገላሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ ፓትሪሺያ ዴቪስ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን ገልጻዋለች። እልኸኝነት አይደለም፤ ሰውነታቸው ቀጥ ማለትን የሚያውቅበት ስሜት ተዛብቷል። ዓይናቸው ግን ቀጥ ያለውን ይለያልና የበር መቃን እያሳዩ ራሳቸው እንዲቃኑ ማድረግ ከመግፋት ይሻላል።

በፓርኪንሰን እግር በድንገት ወለል ላይ ይጣበቃል፣ በተለይ ሲዞሩ። ከመጎተት ይልቅ እርምጃ መቁጠር ወይም ወለል ላይ የተሰመረ መስመር ማሳየት ይረዳል። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት መዛወሩም ይቀላል። የታካሚዎቹ የደም ግፊት ሲቆሙ ሊወርድ ስለሚችል አስቀድመው አልጋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ።

ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ አልጋውንና ዊልቸሩን በሚያገናኝ የማንሸራተቻ ሰሌዳ ይዛወራል። ቆዳው ሲፋተግ ሕመም ስለማይሰማው የአልጋ ቁስል በዚህ ሊጀምር ይችላል፤ መንሸራተቻው ልብስ ወይም ጨርቅ ያስፈልገዋል። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ፣ ሲዛወር የታጠፈ የሽንት ቱቦ ብቻ የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊያንረው ይችላል። ከባድ ራስ ምታትና የፊት መቅላት ከታየ ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ ልብሱን አላልቶ ቱቦውን ማየትና ቶሎ የሕክምና ባለሙያ መጥራት ይገባል።

የረዳቱም ወገብ ይታሰብበት። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ቀመር በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሌት፣ ሁኔታው ምቹ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ሰው ከታካሚ ላይ በእጁ ሊያነሳ የሚገባውን ክብደት 16 ኪሎ ግራም ገደማ አድርጎታል። አዋቂን አንስቶ መሸከም ከዚህ በብዙ ያልፋል። ዝቅ ያለ አልጋ ደግሞ መነሳትን ያከብዳል፤ ሁለተኛ ፍራሽ መጨመር ብዙ ያግዛል።

በመዛወሩ መሃል ታካሚውን ጉልበቱ ቢከዳው፣ ሽቅብ ለመያዝ መታገል ሁለቱንም ይጥላል። ቀበቶውን ይዞ፣ ወደ ራስ አስጠግቶ፣ በረዳቱ እግር ላይ እያንሸራተቱ ጭንቅላቱን ጠብቆ ቀስ ብሎ ወለል ላይ ማስቀመጥ ነው።