ኦርዲናተር የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ፈረንሳይኛ መማር የጀመረ ሰው ኦርዲናተር የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ኮምፒውተር ማለት ነው። ታዲያ ለምን እንደ እኛ ኮምፒውተር ብለው አልተዉትም? ስለዚህ ቃል የምሰማው ማብራሪያ ብዙው ስህተት ነው።

«ቃሉን ያወጣው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ጉዳይ የሚመለከተው የፈረንሳይ አካዳሚ ነው» ይባላል። አይደለም። ስም ፍለጋ የወጣው የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የፈረንሳይ ቅርንጫፉ አዲስ ማሽን ለገበያ ሊያቀርብ ሲል፣ የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ፍራንስዋ ዢራር የቀድሞ መምህሩን ዣክ ፔሬን አማከረ። ፔሬ በፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የላቲን ቋንቋ ፕሮፌሰር ነበሩ። ኦርዲናተር ቢባልስ የሚል መልሳቸውን አፕሪል 16 ቀን 1955 በደብዳቤ ላኩ።

«የኮምፒውተር ቀጥታ ትርጉም ነው» የሚሉም አሉ። ኮምፒውተር ከማስላት የመጣ ነው፤ ለእሱማ ፈረንሳይኛ ካልኩላተር የሚል ቃል ነበረው። ኦርዲናተር ግን ሥርዓት የሚያስይዝ ማለት ነው። «ትእዛዝ» ከሚለው ጋር የሚያያይዙትም ተሳስተዋል፣ ምክንያቱም የፈረንሳይኛው ኦርድር ትእዛዝም ቅደም ተከተልም ስለሚሆን ያምታታል እንጂ፣ ፔሬ የፈለጉት መደርደርን፣ ማደራጀትን ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ «አዲስ የተፈጠረ ቃል ነው» የሚለው ስህተት ነው። ፔሬ ራሳቸው ቃሉ በሊትሬ መዝገበ ቃላት እንዳለ ጽፈዋል፤ ዓለምን ሥርዓት ያስያዘውን እግዚአብሔርን የሚገልጽ ቅጽል ሆኖ! እንዲያውም አንድ ነገር አሳስቧቸው ነበር። ከዚሁ ሥር የወጣው ኦርዲናሲዮን ክህነት የሚሰጥበትን ሥነ ሥርዓት ይጠራል። ሃይማኖቱና የሂሳብ ሥራው በጣም የተራራቁ ስለሆኑ ችግር አይሆንም አሉ፤ ያም ሆኖ ከሥነ መለኮቱ ይበልጥ እንዲርቅ በሴት ጾታ ኦርዲናትሪስ ቢባል መረጡ። አይቢኤም ግን የወንዱን ወሰደ። ለአማርኛ ተናጋሪ የፔሬ ስጋት ሩቅ አይደለም፤ እኛም ሥርዓተ ቅዳሴ ባልንበት አፋችን ልጁን ሥርዓት አስይዘው እንላለን።

«የአይቢኤም የንግድ ስም ነው» የሚለው ግን መነሻ አለው። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ቃሉን ለራሱ ማሽኖች ሊያስቀረው ሞክሮ ነበር፤ ሰው ግን የማንንም ማሽን ኦርዲናተር ማለት ሲጀምር ተወው። ከዚያም ቃሉ ድንበር ተሻገረ። ስፔኖች ኦርዴናዶር የሚሉት ከፈረንሳይኛው ወስደው ነው፤ ያንኑ ስፓኒሽ የሚናገሩት ላቲን አሜሪካኖች ግን ኮምፑታዶራ ወይም ኮምፑታዶር ይላሉ።