ኤሙና ምንድን ነው? ትዕቢትስ ለምን ተቃራኒው ሆነ?

«ጻድቅ ግን በእምነቱ በሕይወት ይኖራል» የሚለውን የዕንባቆም 2፥4 ቃል በቃሉ የማይዝ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ይሁንና አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የቁጥሩን ሁለተኛ ግማሽ ብቻ ነው። «ግን» ሲል ከፊቱ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ነፍሱ የኮራች፣ በውስጡም ያልቀናች ነው። ነቢዩ ኩሩውንና ጻድቁን በአንድ ቁጥር ውስጥ ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። «በእምነቱ» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ኤሙና» ነው፤ ኩራት ለምን ተቃራኒው እንደሆነ የሚገባን ቃሉን ከፈታነው ነው።

ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ሥሩ አ-ም-ን ነው፤ አመነ፣ ታመነ፣ ታማኝ የምንለው ሁሉ ከዚያው ቤት ነው። «አሜን» እንዳለ የተወሰደ ዕብራይስጥ ነው፤ «ሃይማኖት»ም ከአራማይኩ «ሃይማኑታ» በግዕዝ በኩል የደረሰን ዘመዱ ነው። አማርኛ ግን ነገሩን ለሁለት ከፍሎታል። እምነት አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል ሲሆን፣ ታማኝነት ሌላው ሰው ሳይሰጋ ሊደገፍብህ መቻሉ ነው። ኤሙና ሁለቱንም ይዞ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። ከአማርኛ የቱ ይቀርበዋል ቢባል መልሴ «አደራ መጠበቅ» ነው።

ኤሙና በኦሪት መጀመሪያ የሚገኘው ስለ ልብ ሲነገር ሳይሆን ስለ እጅ ሲነገር ነው። እስራኤል በራፊዲም ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ ኮረብታው ላይ እጁን አንሥቶ ቆሟል፤ እጁ ሲወርድ አማሌቅ ያይላል። እጅ ደግሞ ይዝላል። አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው እጆቹን ደገፉ። ዘጸአት 17፥12 በዕብራይስጡ ቃል በቃል «እጆቹ ፀሐይ እስክትገባ ኤሙና ሆኑ» ይላል። ጸኑ፣ ንቅንቅ አላሉም ማለት ነው። ለዚያ ግን አንድ ድንጋይና ሁለት ሰው አስፈልጓል። ይህን ድጋፍ ልብ በሉት፤ ወደ ትዕቢት ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛው ቦታ ገንዘብ ቤት ነው። ንጉሡ ኢዮአስ ካህናቱ ከሚገባው ገንዘብ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ እንዲጠግኑ አዞ ነበር፤ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን ፍራሹ እንዳለ ነው። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ቀደደና ወደ ቤቱ ሲገባ በቀኝ በኩል ከመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ደጁን የሚጠብቁት ካህናት የገባውን ሁሉ እዚያ ይከታሉ። ሣጥኑ ሲከብድ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥሩታል፣ በከረጢት ያስሩታል፣ ከዚያ ለሥራው ኃላፊዎች ያስረክባሉ፤ እነሱም ለአናጢው፣ ለግንበኛው፣ ለድንጋይ ጠራቢው ይከፍላሉ፣ እንጨትና ድንጋይ ይገዛሉ። ኃላፊዎቹን ሒሳብ አምጡ ያላቸው አልነበረም፤ ምክንያቱ «በኤሙና ይሠሩ ነበርና» ነው (2ኛ ነገሥት 12)። ከዚህ ተነሥቶ «ታማኝ ሰው ካለ ቁጥጥር አያስፈልግም» የሚል ሰው ይሳሳታል። ሣጥኑ የመጣው እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ሥራው ስላልተሠራ ነው፤ ቆጠራውም በሁለት ሰው ነው። ኤሙና የተባለው ከቆጠራው በኋላ፣ ገንዘቡ ማንም በማያይበት እጅ ሲገባ የታየው ነው።

የቃሉ ቤተሰብ ይህንኑ ይመሰክራል። ሞግዚት «ኦሜኔት» ትባላለች፤ ኑኃሚን የሩትን ልጅ ኢዮቤድን ታቅፋ የሆነችው ይህን ነው። የሜምፊቦስቴ ሞግዚትም በዚሁ ስም ተጠርታለች፤ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሩ ሽባ የሆነው የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ሕዝቅያስ ወርቅ የለበጣቸው የቤተ መቅደስ መቃኖች ከዚሁ ሥር ስም አላቸው። ልጁም ጣሪያውም የሚያርፈው የማይከዳ ነገር ላይ ነው።

አሁን ወደ ኩራቱ። ዕንባቆም የተጠቀመበት ግስ «ዑፕላ» ነው፤ ማበጥ፣ መነፋት ማለት ነው። በኢየሩሳሌም ያለው ጉብታ «ዖፌል» ከዚህ ሥር ነው፤ ታቦቱን የወሰዱት ፍልስጥኤማውያን የተመቱበት እባጭም እንዲሁ። ሌላው ቃል «ዛዶን» ከመፍላት ጋር የተያያዘ ነው፤ ያዕቆብ ለኤሳው የቀቀለው ወጥ ከዚሁ ወገን ነው። አብድዩ ለኤሳው ልጆች ለኤዶም «የልብህ ዛዶን አታለለህ» ሲል ያ ድስት ትዝ ሳይለው የቀረ አይመስለኝም። ሦስተኛውና የዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚወደው አነጋገር «ልቡ ከፍ አለ» ነው። የእኛም «ታበየ» ከ«ዐቢይ» የወጣ ነው፤ ራስን ማተለቅ ነው።

ግን ልብ ከፍ ማለቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ስለ ኢዮሣፍጥ 2ኛ ዜና መዋዕል 17፥6 በዚያው አነጋገር «ልቡ በእግዚአብሔር መንገድ ከፍ አለ» ይላል፤ ምስጋና ነው። ይኸው ንጉሥ ምዕራፍ 20፥20 ላይ ሠራዊቱን በአ-ም-ን ሁለት ጊዜ ያነቃል፦ «በአምላካችሁ እመኑ፣ ትጸናላችሁም»። ኢሳይያስም ለአካዝ ያንኑ የቃል ጨዋታ በአሉታ ነግሮታል፤ ካላመናችሁ አትጸኑም (7፥9)። በዕብራይስጡ ማመንና መጽናት አንድ ግስ ናቸው።

ታዲያ ከፍ ያለ ልብ መቼ ይበላሻል? መልሱ ያለው «ማዓል» በሚለው የሕግ ቃል ውስጥ ነው። ዘሌዋውያን 5 እና 6 የአደራ ገንዘብ የካደ፣ የቀማ፣ የወደቀ ዕቃ አግኝቶ የደበቀና በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚከፍል ይዘረዝራሉ። ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛ ይጨምርበታል፣ ነውር የሌለበት አውራ በግ ለበደል መሥዋዕት ያቀርባል። በቀላሉ ሲሰላ 100 ወስዶ 120 ይመልሳል፤ በኋላ የጸናው የአይሁድ ሕግ ግን ጭማሪው ከጠቅላላው አምስተኛ እንዲሆን ስለሚያስብ 125 ያደርሰዋል። የተበደለው ጎረቤት ሆኖ ሳለ ሕጉ ድርጊቱን በእግዚአብሔር ላይ የተደረገ ማዓል ይለዋል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ አደራ መብላት።

ይህን ይዘን 2ኛ ዜና መዋዕል 26ን እንክፈት። ዖዝያን በ16 ዓመቱ ነግሦ 52 ዓመት ገዛ። በኢየሩሳሌም ግንቦች ሠራ፣ በምድረ በዳ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ እርሻ ይወድ ነበር። 2,600 አለቆችና 307,500 ወታደሮች ነበሩት፤ በግንቡ ላይ ፍላጻና ትልልቅ ድንጋይ የሚወረውሩ መሣሪያዎች ተከለ። ቁጥር 15 ነገሩን ሲያጠቃልል «እስኪበረታ ድረስ በድንቅ ተረድቶ ነበር» ይላል። ቁጥር 16 ከዚያው ቃል ይነሣል፦ በበረታ ጊዜ ልቡ ለጥፋት ከፍ አለ፣ በአምላኩም ላይ ማዓል አደረገ። ከፍ ያለ ልብና የተበላ አደራ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጋጠሙት እዚህ ነው። ሰውየው ጥና ይዞ ለአሮን ልጆች ብቻ የተለየውን ዕጣን ሊያጥን ገባ፤ ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተከትሎ ከለከለው፤ ተቆጣ፤ እየተቆጣ ሳለ ለምጽ በግንባሩ ወጣ። እስከ ሞቱ በተለየ ቤት ተቀመጠ፣ መንግሥቱን ልጁ ኢዮአታም ያዘ።

ስሞቹም ይናገራሉ። ዖዝያን «ኃይሌ እግዚአብሔር ነው» ማለት ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ይኸው ንጉሥ ዓዛርያስ ይባላል፣ «እግዚአብሔር ረዳ»። ወደ ውጭ ያስወጣው ካህንም ዓዛርያስ ነው። የተረዳው ሰው ርዳታውን የራሱ ኃይል አድርጎ ቆጠረው፤ ስሕተቱ ያ ነው። ዘዳግም 8 መንገዱን አስቀድሞ ነግሮናል፦ በልተህ ስትጠግብ፣ መልካም ቤት ስትሠራ፣ ከብትህ፣ ብርህና ወርቅህ ሲበዛ ልብህ ከፍ ይላል፤ ከዚያ «የእጄ ብርታት ይህን ሀብት አመጣልኝ» ትላለህ። የሙሴ እጅ በድንጋይና በሁለት ሰው ጸና፤ ይህኛው እጅ ብቻውን ነኝ ይላል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ማንበብ ከብዙ ስብከት ይሻላል።

መከላከያውም ስሜት ሳይሆን ሥራ ነው። ዘዳግም 17 ንጉሥ ፈረስ፣ ሚስት፣ ብርና ወርቅ እንዳያበዛ ይከለክላል፤ የሕጉን ግልባጭ ለራሱ ጽፎ ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነበው ያዛል። ምክንያቱን ቁጥር 20 ይሰጣል፦ ልቡ ከወንድሞቹ በላይ ከፍ እንዳይል። የወደቀም መመለሻ አለው። ሕዝቅያስ ልቡ ከፍ ባለ ጊዜ ራሱን ዝቅ አደረገ (2ኛ ዜና 32፥26)፤ ዖዝያን ግን ሲገሠጽ ተቆጣ። ሁለቱም ታብየዋል፤ የለያቸው ሲነገራቸው ያደረጉት ነው።

ትሕትና ራስን ማዋረድ ነው ለሚል ደግሞ ዘኍልቍ 12 አለ። ማርያምና አሮን ሙሴን ኢትዮጵያዊቱን ስላገባ ያሙታል። ምዕራፉ ሙሴን በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ትሑት ይለዋል፤ አራት ቁጥር ሳይርቅ እግዚአብሔር ራሱ «በቤቴ ሁሉ ኔእማን ነው» ይላል፤ የታመነ፣ ከአ-ም-ን። ሙሴ አልተከራከረም፤ ሥልጣኑንም ግን አልጣለም። ማርያም ለምጽ ሲወጣባት የጸለየላት እሱ ነው። ለምጽ በካህን ፊት በቆመ ንጉሥ ግንባር ላይም እንደወጣ አይተናል።

የዕንባቆም ግማሽ ለምን ተረሳ? የሰብዓ ሊቃናቱ ግሪክ ትርጉም ኩራቱን «ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ» ብሎ አነበበው፣ «በእምነቱ» የሚለውንም «በእምነቴ» አደረገው። የግዕዙ ብሉይ በመሠረቱ ከዚህ ግሪክ የተተረጎመ ነው፤ ዕብራውያን 10፥38ም ማፈግፈጉን ይዟል። ጳውሎስ በሮሜ 1፥17ና በገላትያ 3፥11 የጠቀሰው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ኩሩው ሰው በዚህ መንገድ ከእይታ ወጣ። በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኙት የኩምራን ጥቅልሎች አንዱ ቁጥሩን ኦሪትን ስለሚፈጽሙ ሰዎች፣ ስለ ድካማቸውና «የጽድቅ መምህር» ለሚሉት ለማኅበራቸው መሪ ስላላቸው ኤሙና አድርጎ ይተረጉመዋል። የአይሁድ መምህራን የሕግ መጽሐፍ ታልሙድ ደግሞ (ማኮት 24ሀ) 613ቱን የኦሪት ትእዛዛት ዕንባቆም በዚህ በአንዱ ላይ አቆማቸው ይላል።

ብሉይን በአማርኛ ስታነቡ «እምነት» ባያችሁበት ቦታ «ታማኝነት»ን ተክታችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ይፈታል። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። መዝሙር 37፥3 ላይ ኤሙና ከእረኛ ግስ ጋር ተጣምሯል፤ ኤሙናን ጠብቅ ነው ወይስ በኤሙና ተሰማራ፣ ተርጓሚዎች ዛሬም አልተስማሙበትም።