አሰምብላዥ ምንድን ነው? ከውዳቂ የተሠራ ሁሉ አሰምብላዥ አይደለም

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ በየካፌውና በየሆቴሉ ግቢ ከመኪና ጎማ ተቆርጠው፣ ነጭ ቀለም ተቀብተውና አበባ ተተክሎባቸው የሚቀመጡትን ዝይዎች የማያውቅ የለም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እነዚህን ዝይዎች «አሰምብላዥ» ብሎ ከጠራቸው በኋላ፣ ከውዳቂ ዕቃ የሚሠራ ቅርጽ ሁሉ በዚህ ስም እንደሚጠራና የጥበቡም ቁም ነገር ከተማን ማጽዳቱ እንደሆነ አስረዳ። ይህንኑ አባባል ከዚህ ቀደም በዐውደ ርእይ መክፈቻ ንግግሮች፣ በፕሮጀክት ማመልከቻዎችና በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሜ ስላገኘሁት፣ ብረት እየበየድሁ ቅርጽ የምሠራና ይህንኑ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

አሰምብላዥ ማለት አስቀድሞ ሌላ ሥራና ሌላ ሕይወት የነበራቸውን ዕቃዎች ማንነታቸው ሳይጠፋ አጋጥሞ፣ በአንድነት አዲስ ነገር እንዲናገሩ ማድረግ ነው። በዚህ አገላለጽ ውስጥ ዕቃው ውዳቂ መሆን አለበት የሚል ነገር የለም። ስያሜውን በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሥራዎቹ የሰጠው ፈረንሳዊው ዣን ዱቡፌ በዚያን ጊዜ ይለጣጥፍ የነበረው የቢራቢሮ ክንፍ ነበር፤ የቢራቢሮ ክንፍን ቆሻሻ የሚል ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። በ1961 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በዚህ ርእስ ትልቅ ዐውደ ርእይ ካሳየ በኋላ ስያሜው በዓለም ተሰራጨ።

ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን ባፈራ አገር ይህን ነገር ለማስረዳት ከሰምና ወርቅ የተሻለ መንገድ የለም። ፒካሶ በ1942 የበሬ ራስ የሠራው ከሁለት ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ከብስክሌት ኮርቻና ከብስክሌት መሪ። ጠባቡ የኮርቻው ጫፍ ወደ ታች ሲዞር የበሬው አፍንጫ ይሆናል፤ መሪው ከበላዩ ሲቀመጥ ቀንድ ይሆናል። በእጅ የሚዳሰሰው ሰሙ ብስክሌት ነው፤ ወርቁ በሬ ነው፤ ኅብሩ ያለው መሪው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያው አንዱ ጎባጣ ብረት ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ወደ ሁለቱም ይፈታል። በየቀኑ ብስክሌት የሚነዳ የባሕር ዳር ልጅ ይህን ሥራ ቢያየው ሰሙን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ፒካሶ ራሱ፣ ተመልካቹ የበሬውን ራስ ብቻ አይቶ ኮርቻውንና መሪውን ካላየ ሥራው ጣዕሙን እንደሚያጣ ተናግሯል። በኋላ ግን በነሐስ አስቀርጾታል፤ በነሐሱ ላይ ቆዳውና ብረቱ አንድ መልክ ስለሚይዙ ኅብሩ ይደበዝዛል። እኔ የነሐሱን ቅጂ አሰምብላዥ አልለውም፤ በዚህ የማይስማሙኝ ባለሙያዎች መኖራቸውን ግን መናገር ይገባኛል።

እንግዲህ ወደ ዝይዎቹ እንመለስ። ጎማው ተሰንጥቆ፣ ተገልብጦና ቀለም ተቀብቶ ጎማነቱ እንዲረሳ ተደርጓል፤ ሰሙ ቀልጦ ፈስሶ ወርቅ የተባለው ብቻ ቀርቷል። በረባሶ የሚሠራ ባለሙያም እንዲሁ ጎማን ጫማ ያደርጋል፤ የሚጨነቀው ለእግር እንዲመች እንጂ የጎማው ታሪክ እንዲነበብ አይደለም። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ በረባሶ ያላደረገ የገበሬ ልጅ በዘመኔ አላውቅም። ስማቸው ግን ሌላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ብሎንና ካቴና ከምሮ ምንም ሳይሆን የሚቀር ክምር አለ፤ እርሱ ወርቅ የሌለው ሰም ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ ሰምና ወርቁ ቢያምር እንኳ ቤቱን ያልመታ ቅኔ ይታረማል፤ በእኛ ሙያ የቤቱን ሥራ የሚሠራው መጋጠሚያው ነው። መሪው ከኮርቻው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ብየዳው ተንጠባጥቦና አባብጦ ከታየ፣ ዓይን ከትርጉሙ ወጥቶ ከብየዳው ላይ ይቀራል።

ልዩነቱን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የጠመንጃው ነገር ነው። በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ አፈሙዙ የተቋጠረ ትልቅ ሽጉጥ አለ፤ የስዊድናዊው ካርል ፍሬድሪክ ሮይተርስቨርድ ሥራ ሲሆን፣ በ1988 ሉክሰምበርግ ያበረከተችው ነው። ይኸው አስተያየት ሰጪ ይህንንም በምሳሌነት ጠቅሶታል። ነገር ግን ያ ሽጉጥ ማንንም ተኩሶ አያውቅም፤ ከነሐስ የተቀረጸ የሽጉጥ ምስል ነው። አሁን ደግሞ በሞዛምቢክ በ2001 ክሪስቶቫው ካንያቫቶ የሠራውንና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውን የጦር መሣሪያ ዙፋን እንመልከት። በአገሪቱ ከ1977 እስከ 1992 የእርስ በርስ ጦርነት ሲካሄድ ከቆየ በኋላ፣ በ1995 ጳጳሱ ዲኒስ ሴንጉላኔ ያስጀመሩት ፕሮጀክት መሣሪያ ላስረከበ ሰው በለውጡ የእርሻና የሥራ ዕቃ ይሰጥ ነበር፤ ዙፋኑ የተበየደው በዚያ መንገድ ተሰብስበው ከከሸፉት፣ ማለትም ዳግም እንዳይተኩሱ ከተደረጉት፣ መሣሪያዎች ነው። መደገፊያው ጂ ሥሪ (G3) የሚባሉት ጠመንጃዎች ሰደፍ ነው፤ ሌላውም አካሉ ክላሽንኮቭን ከመሰሉ መሣሪያዎች የተገጣጠመ ነው። ተመልካቹ ወንበር ያያል፤ ጠጋ ሲል ቃታውንና ካዝናውን ያያል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ወንበር ብቻ አድርጎ ሊያየው አይችልም። የነሐሱ ሽጉጥ ስለ መሣሪያ የተነገረ ነው፤ ዙፋኑ ግን ራሱ መሣሪያው የሚመሰክርበት ነው። በነገራችን ላይ፣ አሮጌ መሣሪያ ወይም ቀለህ ይዞ ወደ ብየዳ ቤት የሚመጣ ሰው ካለ፣ መክሸፉ በባለሙያ ሳይረጋገጥ እሳት ሊነካው አይገባም።

በቀለህ ጉዳይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በሀገራችን አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የመድፍ ቀለህ ተንጠልጥሎ እንደ ደወል ይመታል፤ ይህ አሰምብላዥ ነው ወይ? ሰሙም ወርቁም አሉ፤ የጦር ዕቃ ለጸሎት ይጠራል። የሰቀለው ሰው የፈለገው ግን ድምፁን ነው፤ ቅኔ ለመቀኘት አልተነሣም። ስለዚህ አይደለም ብዬ እመልሳለሁ፤ ምንም እንኳ ብዙዎቻችን ደክመን ከምንሠራው የበለጠ ኃይል ቢኖረውም።

ስለ ጽዳቱም መናገር አለብኝ። አንድ ቆራሌ ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ቁርጥራጭ ብረት ወደ እኔ ዓይነቱ ወርክሾፕ ከሚገባው እጅግ ይበልጣል፤ ከተማን የሚያጸዳው እርሱ ነው፤ ምስጋናውም ለእርሱ ይገባል። ጋናዊው ኤል አናትሱይ በናይጄሪያ፣ ንሱካ፣ ከመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖች በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሥራዎችን ሲሠራ፣ ክዳኖቹን የመረጠው መጠጥ ከአውሮፓና ከአፍሪካ የንግድ ታሪክ፣ ከባሪያ ንግዱም ጭምር ጋር ስለሚያያዝ ነው፤ በ2015 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርእይ የሕይወት ዘመን ወርቃማ አንበሳ የተሸለመውም ለጽዳት አይደለም። የእኛው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚያገኛቸው የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና በሚጎነጉናቸው የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሲሠራ ከሩቅ ከአየር ላይ የታየ መሬት ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ ሰዎች የተነጋገሩባቸው ዕቃዎች ናቸው። ይህን ሁሉ «መልሶ መጠቀም» ብሎ መዝጋት ቅኔውን ሰምቶ ቀለሙን፣ ማለትም ፊደሉን፣ ብቻ እንደመቁጠር ነው።

በአደባባይ ለሚቆም ሥራ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። በሎስ አንጀለስ ጣሊያናዊው ስደተኛ ሳይመን ሮዲያ ከ1921 እስከ 1954 ብቻውን፣ ያለ ብየዳ፣ ብረት በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ እየጠቀለለ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ ጠርሙስና ዛጎል እየለጠፈ 30 ሜትር ገደማ የሚደርሱ ማማዎች አቆመ። ከተማው አደገኛ ናቸው ብሎ ሊያፈርሳቸው ሲል በ1959 በ4.5 ቶን ገደማ ኃይል ወደ ጎን ተጎትተው ተፈተኑ፤ አልወደቁም። ይህን እየጠቀሱ ያለ መሐንዲስ ስሌት ከባድ ቅርጽ በአደባባይ ማቆም ግን ተገቢ አይደለም፤ ልጆች የሚወጡበት ነገር ነው።

በጎጃም ክረምት ደግሞ አሰምብላዥ ከራሱ ጠባይ የሚመነጭ ችግር አለበት። ዝገት እንዳይበላው ወፍራም ቀለም ብንቀባው የዕቃዎቹ ማንነት ይሸፈናል፤ ባዶውን ብንተወው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሱ ላሜራ ይበሳል። እኔ የምመርጠው ቀለም አልባውን ቫርኒሽ በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ማደስ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያዝዝ ማዘጋጃ ቤት የዕድሳቱን ወጪ ከመጀመሪያው ውል ውስጥ ሊያስገባ ይገባል። ውኃ የሚያቁሩ ቱቦዎች ከሥራቸው መበሳት አለባቸው። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ባለበት በቀጥታ ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ቶሎ ስለሚበላ፣ በመካከላቸው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ይገባል፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ የሚበይድ ሰውም ጭሱ ስለሚመርዝ ዚንኩን አስቀድሞ ፍቆ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሥራ።