ካልሲየም አንጎል ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?

አክስቴ አራት ኪሎ ካለ ፋርማሲ የገዛችውን የካልሲየም ኪኒን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ "ለአጥንት ነው ብለው ነው ያዘዙልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ለአእምሮም ይሆናል ትላለች። እውነት ነው?" አለችኝ።

የአጥንቱ ነገር ልክ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚገኘው አጥንትና ጥርስ ላይ ነው። የተረፈችው ጥቂት ግን ጉድ ትሠራለች። አንጎል ውስጥ ያለ እሷ መልእክት አያልፍም።

የነርቭ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ አይነካኩም፤ በመካከላቸው በዓይን የማትታይ ክፍተት አለች። መገናኛው ሲናፕስ ይባላል። ክፍተቱን የሚሻገሩት እንደ ግሉታሜትና ዶፓሚን ያሉ ኬሚካሎች ናቸው። እነዚህ ኬሚካሎች በሴሉ ጫፍ ላይ፣ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልተው ይጠብቃሉ። ፒያሳ ተራ የያዘ ሚኒባስ አስቡ። ሰው ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል። ረዳቱ "ሳበው!" እስኪል ግን ንቅንቅ የለም።

"ሳበው!" ባዩ ካልሲየም ነው። የኤሌክትሪክ ምልክት ሴሉ ጫፍ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ካልሲየም ይገባና ሲናፕቶታግሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ያኔ ከረጢቱ ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋህዶ የያዘውን ወደ ውጭ ያፈሳል። ካልሲየም ከገባ በኋላ ያለው ሥራ አንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ተመራማሪዎቹ በርናርድ ካትዝና ሪካርዶ ሚሌዲ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ ላይ ሲሠሩ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ምልክቱ ቢደርስም ካልሲየም ከሌለ ኬሚካሉ አይለቀቅም። ካትዝ በ1970 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ካልሲየም ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው ሴሉ ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ውስጥ ካለው ነጻ ካልሲየም አሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሴሉ ቀን ከሌት ጉልበቱን እያፈሰሰ ካልሲየሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከፊሉንም ውስጡ ባሉ ጎተራዎች ይቆልፍበታል። የጊዮርጊስ ደወል ሌሊት ሲደወል ከሩቅ ይሰማል። እኩለ ቀን ላይ በመኪና ጥሩንባ መሃል ቢደወል ማን ልብ ይለዋል? ሴሉም ውስጡን ጸጥ አድርጎ የሚይዘው ትንሿ ካልሲየም ስትገባ እንድትሰማ ነው።

ተቀባዩ ሴል ዘንድም ካልሲየም ሥራ አለው። እዚያ ኤንኤምዲኤ የሚባል በር አለ። በሩ በማግኒዥየም ተወትፏል። ግሉታሜት ብቻውን አይከፍተውም፤ ሴሉ በኤሌክትሪክ መነቃቃትም አለበት። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ካልሲየም ይገባና ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል። አንዱ ካልሞዱሊን አራት ካልሲየም ይይዛል። ከዚያ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል። አንዳንዱ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ የውስጥ መልእክተኛ ያስመርታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲናፕሱን ያጠነክራል። የተማርነው ነገር የሚቀመጥበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

መጠኑም ወሳኝ ነው። በርከት ብሎ ባጭር ጊዜ ሲገባ ግንኙነቱ ይጠነክራል፤ በጥቂቱ ረዘም ላለ ጊዜ ሲንጠባጠብ ይላላል። ካልሲየሙ ያው ነው፣ ትእዛዙ ግን ተቃራኒ። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ይገድላል። በስትሮክ ጊዜ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ግሉታሜት ያጥለቀልቀዋል፤ ካልሲየም ገንፍሎ ይገባና ሴሉን ከውስጥ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል።

"እና ኪኒኑ?" አለች አክስቴ። ኪኒኑ ሲናፕስ ድረስ አይሄድም። ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሆርሞኖች አጥብቀው ይቆጣጠሩታል፤ አንጎልም የራሱ አጥር አለው። ብዙ በዋጥሽ ቁጥር አእምሮሽ አይፈጥንም አልኳት። ሐኪሙ ባዘዘልሽ ልክ፣ ለአጥንትሽ ብለሽ ውሰጂው።