ክራይም አናሊሲስ ለጀማሪ ፖሊስ፣ ሰሜን ሸዋ ላይ ሲታይ

የወንጀል ትንተና ወይም ብዙዎቹ እንደሚሉት ክራይም አናሊሲስ ሌባው ማነው ብሎ መፈለግ አይደለም፣ እሱ የመርማሪው ስራ ነው። ተንታኙ የሚያየው ብዙ መዝገብ አንድ ላይ ነው፣ የቱ ሰፈር ይደጋገማል፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዘዴ፣ ምንስ ይሰረቃል። ነገሩ ቆየት ያለ ነው፣ አሜሪካ በርክሌይ ከተማ ኦገስት ቮልመር የሚባል የፖሊስ አዛዥ ከመቶ አመት በፊት ካርታ ላይ እስፒል እየሰካ ወንጀል የሚበዛበትን ቦታ ይለይ ነበር። እኛ ጋ ደሞ አፈርሳታ ነበር፣ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ቁጭ የሚልበት፣ ግን አፈርሳታ የሚፈልገው ሰውየውን እንጂ ነገ የት ሊደገም እንደሚችል አይደለም።

ለጀማሪ ከሚሰጡት ነገሮች ዋናው ኮኸንና ፌልሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ሀሳብ ነው። ለመስረቅ ያሰበ ሰው፣ የሚሰረቅ ነገርና የጠባቂ አለመኖር አንድ ቦታ አንድ ሰዓት ላይ ሲገጣጠሙ ወንጀል ይፈጠራል ይላል፤ ይሄን የመንዝ ባለበግ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሌላው ሆት ስፖት ነው፣ ወንጀል እየተደጋገመ የሚበዛበት ጠባብ ቦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ የሚኒያፖሊስ ጥናት ለፖሊስ ከተደወለው ጥሪ ግማሹ ከ3 በመቶ አድራሻዎች ብቻ እንደመጣ አሳይቷል።

አድራሻ ካለ ነው እንግዲህ! ደብረ ብርሃን ላይ ሰው የተሰረቀበትን ቦታ ሲናገር ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ነው የሚለው፣ እሱን ካርታ ላይ ነጥብ ለማድረግ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ኤክሴል ላይ ሲገባ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ አንዱ መሐል ሜዳ ሌላው መሀል ሜዳ፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት ሌላው ሸዋሮቢት ብሎ ይፅፋል፣ ለኛ አንድ ነው ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ከተማ ነው፣ ስለዚ ከሁሉም በፊት አፃፃፉን አንድ ማድረግ ግድ ነው። አሰልቺ ስራ ነው ግን በኔ እይታ የስልጠናው ግማሹ እዚህ ላይ ቢውል አይበዛም።

ሰዓትም ቀላል አይደለም። 3 ሰዓት ብሎ ብቻ የተመዘገበ ነገር ጠዋት ይሁን ማታ ማን ያውቃል? በዛ ላይ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው፣ የኛ ማታ 3 ለሱ 21 ነው። ከዚህ የባሰው ደሞ ስርቆቱ መች እንደተፈፀመ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አንድ ገበሬ ማታ 12 ሰዓት በሬዎቹን በረት አስገብቶ ይተኛል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ሲነሳ አንዱ በሬ የለም፣ ፖሊስ በየቀኑ የደረሰውን በሚፅፍበት የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን 11 ሰዓት ነው። እንደዚህ አይነት መዝገብ ሲበዛ ሌባው ሁሌ ንጋት ላይ የሚመጣ ይመስላል፣ ፓትሮሉም ለንጋት ይመደባል። መፍትሄው ሁለቱንም መፃፍ ነው፣ መጨረሻ የታየበትንና ጠፍቶ የተገኘበትን፣ ከዛ አንዱን ስርቆት ለ11ዱ ሰዓታት እኩል ማካፈል፣ ለእያንዳንዱ 1/11 ማለት ነው። ብዙ መዝገብ ሲደመር እውነተኛው ሰዓት ከፍ ብሎ ይወጣል።

የወር ንፅፅርም አለ፣ ጳጉሜን 5 ወይ 6 ቀን ሆና ከነሀሴ ጋር ሲያወዳድሯት ወንጀል በአንዴ የቀነሰ ይመስላል፣ እንዴት ደስ ይላል እኮ።

ካርታው ላይ ደሞ ርቀት ያታልላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ገደሉ ነው፣ መንዝም ውስጥ ሸለቆው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ በቀጥታ መስመር ለክቶ ሁለት ስርቆቶች ጎረቤት ናቸው ብሎ አንድ ክብ ውስጥ ሊከታቸው ይችላል፣ መሀላቸው ግን ገደል አለ፣ በሬ እየነዳ በዛ የሚያቋርጥ ሌባ የለም። ስለዚ ክቡን ትቶ ከብት የሚነዳበትን መንገድና የገበያውን ቀን ካርታው ላይ ማስገባት ይሻላል።