«ኢንኤሊጂብል» ማለት ምን ማለት ነው? ቅጣት አይደለም!

ሰሞኑን መኪና እየነዳሁ አንድ የአማርኛ ስፖርት ፕሮግራም እሰማለሁ። ተንታኙ ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦልና ስለ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ኮከብ ካም ኒውተን ያወራል። «ካም ኒውተንን አግደውት ነበር» አለ። «በማግስቱ ብር ሲሸታቸው ለቀቁት!» መሪውን በቡጢ መታሁት። ይህን ነገር ካፌ ሰምቼዋለሁ፣ ልደት ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ይኸው ነው። እዚህ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጫዋቾችን ተገቢነት በሚከታተለው ቢሮ ነው የምሠራው። ብናደድ አይፈረድብኝም።

«ተገቢነት» የሚለውን ቃል አገር ቤት ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ክለቦች «ተገቢ ያልሆነ ተጫዋች አሰልፎብናል» ብለው ክስ ያስይዛሉ፣ ፎርፌ ይጠይቃሉ። ተንታኙም ይህን አሳምሮ ያውቃል። አትላንቲክን ሲሻገር ነው የሚጠፋበት። እዚህ ሲደርስ «ኢንኤሊጂብል»ን (ተገቢ ያልሆነ ማለት ነው) «ታገደ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ «ታገደ»ን ደግሞ «ጥፋተኛ ነው» ያደርገዋል።

የመኪና ቦሎ አስቡ። ቦሎው ያለፈበት መኪና ይቆማል። በቃ። ሰው ገጭቷል ማለት አይደለም። ሹፌሩ ሌባ ነው ማለትም አይደለም። መንገድ ለመውጣት ከሚያስፈልገው ነገር አንዱ ጎድሎታል፣ ያ ሲሟላ ይወጣል። ኢንኤሊጂብል የተባለ ተጫዋችም ዛሬ ቢሰለፍ ደንብ ይጣሳል ማለት ነው እንጂ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም።

ማን ነው የሚያስቆመው? ሰው ሁሉ «ኤንሲኤኤ» ይላል፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውን ማኅበር። አይደለም። የራሱ ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው የተጣሰ ደንብ እንዳለ ካወቀ ልጁን ራሱ የማቆም ግዴታ አለበት። ካቆመው በኋላ «መልሱልን» ብሎ ለኤንሲኤኤ ያመለክታል። ያላቆመውን ልጅ መልሱልኝ ማለት አይችልም። ባለ መኪናው ራሱ ትራፊክ ሆኖ የገዛ መኪናውን እንደሚያቆም ቁጠሩት። አገር ቤት እንዲህ ያለ ባለ መኪና አላጋጠመኝም፤ ለምሳሌ ያህል ነው።

አሁን ወደ ኒውተን። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቴክሳስ ውስጥ ብሊን በሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫወተ። ከዚያ ሚሲሲፒ ስቴትም ኦበርንም ፈለጉት፣ ኦበርን ገባ። 2010 ላይ ቡድኑ ሽንፈት ሳይቀምስ ሲገሰግስ፣ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ወሬው ፈነዳ። አባቱ በአንድ አገናኝ በኩል ሚሲሲፒ ስቴትን ገንዘብ ጠይቋል ተባለ። የተጠራው ገንዘብ ከ120 ሺህ እስከ 180 ሺህ ዶላር ነበር። «ፔይ ፎር ፕሌይ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ልጁ እናንተ ጋ እንዲጫወት ይህን ያህል ክፈሉ።

ከዚህ በኋላ ቀኖቹን ልብ በሉ። ኖቬምበር 26 ኦበርን 24 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ አላባማን 28 ለ 27 አሸነፈ። ኖቬምበር 30 ዩኒቨርሲቲው ኒውተንን ኢንኤሊጂብል አለው። ዲሴምበር 1 ኤንሲኤኤ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ መለሰው። ዲሴምበር 4 ልጁ ተሰልፎ ሳውዝ ካሮላይናን 56 ለ 17 ቀጡት። በኖቬምበር 30 እና በዲሴምበር 1 መሀል ጨዋታ አልነበረም። ጨዋታ በሌለበት የአንድ ቀን እገዳ ምን ዓይነት እገዳ ነው? የወረቀት ሥራ ነበር። ኦበርን አቆመው፣ አመለከተ፣ መልስ አገኘ። ፍጥነቱ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ እሱን አልክድም። ትልቅ ጨዋታ ሲደርስ ቢሮዎች ሁሉ ቀልጠፍ ይላሉ፣ የእኛም ጭምር።

ኤንሲኤኤ ያለው ደግሞ «ምንም አልተደረገም» አይደለም። አባትየውና አገናኙ ልጁን ለገበያ አቅርበውታል፣ ይህም ጥሰት ነው አለ። ልጁም ሆነ ኦበርን ይህን ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ግን በእጄ የለም አለ። አባትየው ወደ ቡድኑ እንዳይጠጋ ተገደበ። ምርመራው ግን በዚያ አልቆመም። እስከ ኦክቶበር 2011 ዘልቆ ነው ኦበርን ላይ ጥፋት ሳያገኝ የተዘጋው።

ይህ ተንታኙን ሁለተኛ ጊዜ ያሳሳተው ነገር ነው። «መለሱት፣ ስለዚህ ነፃ ነው ብለዋል» አለ። ቦሎ ታደሰ ማለት እኮ ትራፊክ ፖሊስ የያዘው ፋይል ተዘጋ ማለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ኤንሲኤኤ ውስጥም ተጫዋች የሚመልሱት ሠራተኞችና ትምህርት ቤት የሚመረምሩት ሠራተኞች የተለያዩ ናቸው። አንዱ «ቅዳሜ ይጫወት?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ምን ተደረገ? ማን ያውቅ ነበር?» እያለ ወራት ይቆፍራል።

«አባቱ ከጠየቀ ተቀብሏል ማለት ነው» የሚልም አለ። ደላላ ዋጋ ስለጠራ ቤቱ ተሸጠ አይባልም። መጠየቁ ራሱ ጥሰት ነው፣ እሺ። ነገር ግን ደንቡ ላይ ቀዳዳ ነበር። ቤተሰብ ልጁ ሳያውቅ ለገበያ ቢያቀርበው ልጁ ምን ይሁን የሚለው በደንብ አልተጻፈም ነበር። 2012 ላይ «ኤጀንት» (ተጫዋችን ወክሎ የሚደራደር) የሚለው ቃል ተለጥጦ እንዲህ የሚያደርግ ዘመድንም እንዲጨምር ተደረገ። በሌላ አነጋገር ያ ክስ ዛሬ ቢመጣ ወረቀቱን ሌላ ቦታ ነበር የማስገባው።

ቅጣት ላለመሆኑ ከሁሉ የሚሻለኝ ማስረጃ ሬጂ ቡሽ ነው። ሳውዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤስሲ) ፉትቦል ሲጫወት ኤጀንት ለመሆን ከሚፈልጉ ሰዎች እሱና ቤተሰቡ ጥቅማ ጥቅም ተቀብለዋል ተባለ። ውሳኔው የመጣው ጁን 2010 ነው። ያን ጊዜ ቡሽ ኮሌጅ ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል፣ ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ጋር የፕሮፌሽናሎቹን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን እንኳ በልቷል። ታዲያ «ኢንኤሊጂብል ነበርክ» የተባለው ሰው ምን ጨዋታ ይከለከላል? ምንም። የተመታው ዩኒቨርሲቲው ነው። ለሁለት ዓመት ከድኅረ ሲዝን ጨዋታ ታገደ፣ 30 ስኮላርሺፕ ተቀነሰበት፣ 14 ድል ከመዝገብ ተፋቀ። ኦክላሆማን 55 ለ 19 ያንኮታኮቱበት የዋንጫ ጨዋታ ሳይቀር።

እዚህ ላይ ምሳሌዬ ትንሽ ይንገዳገዳል። ቦሎ የሌለው ሚኒባስ ተሳፋሪውን መርካቶ አድርሶ ከጨረሰ ከአምስት ዓመት በኋላ «ጉዞው አልተደረገም» እንደማለት ነው። ተሳፋሪው ወርዷል፣ ሸቀጡን ገዝቷል፣ ቤቱ ገብቷል። መዝገቡ ግን ጉዞ የለም ይላል። ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፣ ደንቡ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው። ሂዝማኑ (የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች ሽልማት) ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሱን የሚሰጠው ኤንሲኤኤ ሳይሆን ሂዝማን ትረስት ነው። ቡሽ 2010 ላይ ሽልማቱን ለቀቀው፣ ትረስቱ ኤፕሪል 2024 መልሶ ሰጠው። ያን ሰሞን «ነፃ ወጣ» የተባለው ሁሉ ስህተት ነው። 14ቱ ድሎች በዚያ አልተመለሱም።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። ጠረጴዛዬ ላይ ኢንኤሊጂብል የሚሆነው አብዛኛው ልጅ ዶላር በዓይኑ አላየም። ክሬዲት ነው የጎደለው። የፉትቦል ተጫዋች በመጀመሪያው (በፎል) ሴሚስተር ዘጠኝ ክሬዲት ካላለፈ የሚቀጥለውን ሲዝን የመጀመሪያ አራት ጨዋታዎች ያጣል። (መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አለ፣ እሱን ከጀመርኩ ግን አይነጋም።) ሜጀር (የትምህርት ዘርፍ) ሲቀይርም ችግሩ ይመጣል። ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ የዲግሪውን 40 በመቶ መጨረስ አለበት፤ ትምህርት ሲቀያይር የወሰደው ኮርስ አይቆጠርለትም። ይሄ ልጅ ምን አጠፋ? ኢኮኖሚክስ ከበደው።

ተንታኙ ሊጨርስ ሲል «ለማንኛውም አሁን ኤንአይኤል መጥቷል፣ ሁሉም ነገር ተፈቅዷል» አለ። አልተፈቀደም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ መነገድ ይችላል፤ ኤንአይኤል የሚባለው ይኸው ነው። ጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለተጫዋቾች መክፈል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከውጭ የሚመጣ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል ግን ይመዘገባል፣ እውነተኛ የንግድ ሥራ ስለመሆኑም ይጣራል። «እኛ ጋ ና፣ ሥራ የለህም፣ ብሩን ብቻ ውሰድ» የሚለው በወረቀት ደረጃ አሁንም ክልክል ነው። በወረቀት ደረጃ ያልኩት አውቄ ነው። ፌብሩዋሪ 2024 ቴነሲ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት፣ ምልመላ ላይ ስለ ኤንአይኤል መደራደርን የሚከለክለውን ደንብ ኤንሲኤኤ እንዳያስፈጽም አግዶታል። የዚህ አገር ደንብ ከቢሮዬ ይልቅ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው የሚጻፈው።

ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ አንድ የማውቀው አባት ደወለልኝ። እሱም ሲሰማ ነበር። ልጁ ከአዲስ አበባ በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ መጥቶ አንድ ኮሌጅ ይሮጣል። «የጫማ ማስታወቂያ ሥራ ከሰጡት ኤሊጂብል ነው አይደል?» አለኝ። በኤንሲኤኤ በኩል ሊሆን ይችላል አልኩት። ግን ኤፍ-1 ያለው ተማሪ እዚህ አገር መሥራት የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ያንን የሚያየው ኢሚግሬሽን እንጂ የእኔ ቢሮ አይደለም። ቦሎው ደህና ቢሆንም መንጃ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው። ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር አልኩት። «ታዲያ ኤሊጂብል ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ እንደገና።