እናትና ልጅ፦ ኦልድ ኮርስ እና ኦገስታ ናሽናል በየጉድጓዱ

በ2020 ደስቲን ጆንሰን የማስተርስን የጎልፍ ውድድር በኦገስታ ናሽናል ሲያሸንፍ የአራት ቀን ምቱ ተደምሮ 268 ሆነ። በ2022 ካሜሮን ስሚዝ በሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ የኦፕን ሻምፒዮናን ዋንጫ ያነሣውም በዚያው በ268 ነበር። የሁለቱም ሜዳ ፓር 72 ስለሆነ ሁለቱም ሰዎች ከሚጠበቅባቸው 20 ምት ቆጥበዋል። አንደኛው ሜዳ በስኮትላንድ ባሕር ዳር ተዘርግቷል፤ ሌላው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ኮረብታ ላይ ነው። «ከዓለም የሚበልጠው የቱ ነው?» የሚለው የጎልፍ ወዳጆች የማያልቅ ክርክርም እነዚህን ሁለቱን ሳይነካ አያልፍም። ተጫዋቹን የሚፈትኑበት መንገድ ፈጽሞ አይገናኝም። የሚገርመው ግን ኦገስታ ሲጀመር ኦልድ ኮርስን ለመምሰል ታስቦ የተሠራ መሆኑ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልፍ ለማይጫወት አንባቢ ጥቂት ቃላት ላስቀድም። «ጉድጓድ» ሲባል ኳሷ የምትገባበት ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከመነሻው እስከ ባንዲራው ያለው መንገድ ሁሉ ነው፤ አንድ ሜዳ 18 አለው። ሣሩ በአጭሩ የታጨደው መሄጃ ፌርዌይ፣ እንደ ምንጣፍ ተላጭቶ ባንዲራ የሚተከልበት ግሪን፣ አሸዋ የሞላበት ወጥመድ ባንከር ይባላል። ፓር ማለት ጥሩ ተጫዋች አንዱን ጉድጓድ ሊጨርስበት የሚገባው የምት ብዛት ነው። ርቀቱ በያርድ ይለካል፤ አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ኦልድ ኮርስን ማን ነደፈው ቢባል መልሱ ነፋስ፣ በግና የከተማው ሕዝብ ነው። የሴንት አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ በ1552 በሰጡት ሰነድ ነዋሪው በባሕሩ ዳር መስክ ላይ ጎልፍ የመጫወት መብቱ ተረጋግጦለታል። መስኩ ዛሬም የሕዝብ ነው፤ እሑድ ጨዋታው ተዘግቶ ሰው ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። በ1764 ቀድሞ 22 የነበሩት ጉድጓዶች 18 እንዲሆኑ ተደረገ፤ መላው ዓለም የሚከተለው ቁጥር መነሻው ይኸው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አለን ሮበርትሰንና ቶም ሞሪስ አስፍተውታል፣ አስተካክለውታል፤ ባዶ ወረቀት ላይ የሣለው ግን የለም።

የኦገስታ አወላለድ ሌላ ነው። የአትላንታው ጠበቃ ቦቢ ጆንስ፣ የዘመኑ ታላቅ አማተር ተጫዋች፣ በ1930 ከውድድር ከተሰናበተ በኋላ ከአጋሩ ከክሊፎርድ ሮበርትስ ጋር ሆኖ ፍሩትላንድ ይባል የነበረውን የችግኝ ማፍያ መሬት ለሜዳ መረጠ። ንድፉን አብሮት የሠራው አሊስተር ማኬንዚ፣ ሕክምናን ትቶ ወደ ሜዳ ንድፍ የገባ እንግሊዛዊ ነው። ማኬንዚ በ1924 የኦልድ ኮርስን ዝርዝር ካርታ ያነሣ ሰው ነበር። ሁለቱም የሴንት አንድሩስ ፍቅር የያዛቸው ናቸው፤ ስለዚህ ኦገስታ በሰፊ ፌርዌይና በጥቂት ባንከር፣ 22 ብቻ ይዞ፣ ተከፈተ። ማኬንዚ ጥር 1934 ሞተ፤ የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በመጋቢት ስለነበር አላየውም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች እጆች ገቡበት፤ ባንከሩም 44 ደረሰ። ኦልድ ኮርስ 112 አለው።

ስማቸው ራሱ ጠባያቸውን ይናገራል። የኦገስታ ጉድጓዶች ከችግኝ ማፍያው ዘመን በቀረ ልማድ በዕፀዋት ስም ይጠራሉ፦ ማግኖሊያ፣ ካሜሊያ፣ አዛሊያ። የኦልድ ኮርስ ባንከሮች ግን ሲኦል፣ የሬሣ ሣጥን፣ የአንበሳ አፍ ይባላሉ። በኦገስታ አደጋው ከሩቅ ያምራል፤ በኦልድ ኮርስ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ሜዳው በጥንት ዘመን በተቃራኒው አቅጣጫም ይጫወቱበት ስለነበር፣ ብዙው ባንከር ለዛሬው ተጫዋች ጀርባውን ሰጥቶ ከጉብታ ኋላ ይደበቃል። መሃል ፌርዌይ ላይ ያረፈች የመሰለች ኳስ አሸዋ ውስጥ የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ልዩነት ግሪኑ ነው። ኦልድ ኮርስ ወደ ውጭ ሄዶ በዚያው ጎን የሚመለስ ጠባብ ሜዳ ስለሆነ ሰባት ግሪኖቹ ሁለት ሁለት ባንዲራ ይሸከማሉ፤ የሂያጁ ነጭ፣ የተመላሹ ቀይ ነው። ተጣማሪዎቹ ጉድጓዶች ቁጥራቸው ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል፦ 2 ከ16፣ 3 ከ15፣ እያለ እስከ 8 እና 10። ለብቻቸው ግሪን ያላቸው 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 18ኛው ብቻ ናቸው። በኦገስታ እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ግሪን አለው፣ አብዛኛውም ረጃጅም ጥድ አጥሮታል። ፓሩም ቢሆን በእኩል ድምር የተለያየ ሥርዓት ይዟል፤ ኦገስታ አራት ባለ ፓር 3 እና አራት ባለ ፓር 5 ሲኖሩት ኦልድ ኮርስ ሁለት ሁለት ብቻ አለው።

ወደ ጉድጓዶቹ እንግባ። 1ኛው በኦልድ ኮርስ ሥጋት የሌለበት ይመስላል፤ ፌርዌዩን ከ18ኛው ጋር ስለሚጋራ መጀመሪያ የተመታችው ኳስ ማረፊያ አታጣም፣ ባንከርም የለም። ነገር ግን ስዊልካን የተባለው ቀጭን ጅረት ከግሪኑ ፊት ተጋድሟል። በኦገስታ የመጀመሪያው ምት ከኮረብታ ወደ ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ዳገት ይሄዳል፤ በስተቀኝ ያለው ጥልቅ ባንከር ገና ከማለዳው ዋጋ ያስከፍላል። ለእኔ የእናቲቱ አጀማመር ይበልጣል፤ ፍርሃቱን ለሁለተኛው ምት አቆይታዋለችና።

የዝምድናው ዋና ማስረጃ የኦልድ ኮርስ 11ኛና የኦገስታ 4ኛ ናቸው። 11ኛው 174 ያርድ የሚረዝም ባለ ፓር 3 ነው። ከኋላው የኤደን ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ሰፊ ውኃ አለ፤ ግሪኑ ወደ ተጫዋቹ እጅግ ያዘነበለ ነው፤ ከፊቱ ስትራዝ፣ በግራው ሂል የተባሉ ባንከሮች ይጠብቁታል። ከባንዲራው ያለፈ ሰው ኳሱን ቁልቁል ሲገፋ አሸዋው ውስጥ ሊጨምራት ይችላል። በ1921 የ19 ዓመቱ ቦቢ ጆንስ በሦስተኛው ዙር ሂል ባንከር ውስጥ ገብቶ ተናደደና ውድድሩን ጥሎ የወጣው እዚህ ነው። በኋላ በ1927 ኦፕንን፣ በ1930 የአማተር ሻምፒዮናን በዚያው ሜዳ አሸንፎ ታረቀ፤ የሴንት አንድሩስ ከተማም በ1958 የክብር ዜግነት ሰጠው። ጆንስና ማኬንዚ ለኦገስታ 4ኛ አርአያ ያደረጉት ይህንኑ ያዋረደውን ጉድጓድ ነው፤ ሁለት ባንከር ከፊት፣ ከኋላ ወደ ፊት ያዘቀዘቀ ግሪን። ዛሬ ግን ርዝመቱ 240 ያርድ ሆኗል። በ174 ያርድ ተጫዋቹን የሚያስጨንቀው ምርጫ ነው፤ በ240 ያርድ ጉልበት ይጠየቃል። በዚህ ላይ በኤደን በኩል የሚነፍሰውን ነፋስ ወደ ጆርጂያ ማጋዝ አይቻልም።

ሁለተኛው ጥንድ 17ኛው የኦልድ ኮርስና 5ኛው የኦገስታ ነው። ርዝመታቸው አሁን በትክክል አንድ ነው፣ 495 ያርድ፤ ኦገስታ እዚህ የደረሰው በ2019 መነሻውን ወደ ኋላ ገፍቶ ነው። ሐሳቡም አንድ ነው፦ በመነሻ ላይ የደፈረ፣ ሁለተኛውን ምት ከተመቸ ጎን ይመታል። በ17ኛው ድፍረቱ ኳሷን በስተቀኝ ባለው የሆቴል ቅጥር ጥግ ላይ ማሳለፍ ነው። ወደ ግራ የሸሸ ግን ጠባቡን ግሪን ከክፉ አቅጣጫ ያገኘዋል፤ ከፊት እንደ ማሰሮ የጠለቀ ባንከር፣ ከኋላ መንገድና የድንጋይ ግንብ አለ። በ1978 ቶሚ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ደረሰ፤ ቀስ ብሎ ወደ ባንዲራው የገፋት ኳስ ግን ታጥፋ ባንከሩ ውስጥ ገባች። ለማውጣት አራት ምት ፈጅቶበት በ9 ጨረሰ። የቶም ዋትሰንም በ1984 ከግንቡ ሥር የደረሰችው ኳስ ዋንጫውን ለሴቬ ባየስቴሮስ አሳልፋ ሰጥታለች።

በኦገስታ 5ኛ ድፍረቱ በግራ በኩል ያሉትን ጥልቅ ባንከሮች መሻገር ነው። ግሪኑ ፊቱ ሽቅብ ተነሥቶ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ስለሚል አስቸጋሪ ነው፤ ይሁን እንጂ መንገድም፣ ግንብም፣ ያ ማሰሮም የለውም። ጃክ ኒክላውስ በ1995 ማስተርስ በአንድ ውድድር ሁለት ጊዜ ይህን ጉድጓድ በሁለት ምት ጨርሶታል። በዚያው ዓመት ኦፕን በኦልድ ኮርስ 14ኛ ሲኦል በተባለው ባንከር ውስጥ ሲዳክር ደግሞ 10 ምት ተቆጠረበት። እናትና ልጅ በአንድ ሰው ላይ የፈረዱት ፍርድ ነው።

ይህ 14ኛ ጉድጓድ ለኦገስታ 17ኛ አርአያ ነበር። ማኬንዚ ኳሷ በአየር ሳይሆን በመሬት እየተንከባለለች እንድትገባ ይሻ ስለነበር የግሪኑን መግቢያ ክፍት ተወው። ኋላ ግን ሁለት ባንከር ተቆፍሮ በሩ ተዘጋ። 17ኛው ይበልጥ የታወቀው በአንድ ጥድ ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ኳሳቸውን እየያዘ ስላስቸገራቸው በ1956 በክለቡ ስብሰባ ላይ ይቆረጥ ብለው ሲጠይቁ ሮበርትስ ስብሰባውን ዘጋው ይባላል። ዛፉን በ2014 የበረዶ ማዕበል ጎዳውና ተነሣ። 14ኛው የኦገስታ ጉድጓድ ደግሞ ከሴንት አንድሩስ 6ኛ የተቀዳ ነው፤ ዛሬ በሜዳው ባንከር የሌለበት ብቸኛው እሱ ሲሆን፣ የእናቱን ጠባይ ጠብቆ የቆየው እሱ ይመስለኛል። ግሪኑ ጎንበስ ቀና ባለው ገጹ ብቻ ራሱን ይከላከላል።

ልጂቱ እናቷን በግልጽ የካደችው በ7ኛው ነው። መጀመሪያ ከኦልድ ኮርስ 18ኛ የተቀዳ አጭር ጉድጓድ ነበር። ተጫዋቾች ቀለለን ስላሉ የሜዳ ነዳፊው ፔሪ ማክስዌል በ1938 ግሪኑን ወደ ጉብታ አውጥቶ በባንከር አጠረው፤ ዛሬ 450 ያርድ ነው። ይኸው ማክስዌል ከአንድ ዓመት በፊት የ10ኛውን ግሪንም ወደ ኋላ ወስዶት ነበር። የማኬንዚ ትልቅ ባንከር አሁን ከግሪኑ ርቆ መሃል ቁልቁለቱ ላይ ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ ከሜዳው ውበት ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ጡረተኛ ነው።

ውኃው ጋ ስንደርስ ግን ማመሳሰሉ ያበቃል። ኦልድ ኮርስ ከስዊልካን በቀር ውኃ የለውም፤ ኦገስታ ግን በ11ኛ፣ 12ኛ፣ 13ኛ፣ 15ኛና 16ኛ ላይ ውኃ አለው። በ1934 እነዚህ ጉድጓዶች መጀመሪያ ላይ ይጫወቱ ነበር፤ በ1935 የፊተኞቹና የኋለኞቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች ቦታ ተለዋወጡና የመጨረሻው ቀን ፍልሚያ ሬይስ ወደተባለው ጅረት ዳር ወረደ። 12ኛው 155 ያርድ ብቻ ነው፤ ግሪኑ በስፋቱ ረጅም፣ በጥልቀቱ ግን እንደ መደብ ቀጭን ነው። በ1992 የፍሬድ ካፕልስ ኳስ ወደ ሬይስ ጅረት ስትንከባለል ሣሩ ይዞ አስቀራት፣ ሰውየውም ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 ጆርዳን ስፒዝ ውድድሩን እየመራ ሁለት ኳስ ውኃ ውስጥ ጨመረና በ7 ወጣ። የኦልድ ኮርስ 12ኛ በዚህ ፊት አጭርና ተንኮለኛ ነው፤ 9ኛና 10ኛው ግን ከዝናቸው በታች ናቸው ብል ብዙዎች ይቆጡኛል።

የቀረው 18ኛው ነው። በኦገስታ ተጫዋቹ በዛፎች መካከል እንደ ቧንቧ በጠበበ ሰርጥ ሽቅብ ይመታል፤ በግራ ያሉት ባንከሮችም ይጠብቁታል። ሳንዲ ላይል በ1988 ከእነዚሁ ከአንዱ አውጥቶ ግሪኑ ላይ አሳርፏት አሸነፈ። በኦልድ ኮርስ 356 ያርዱ ሰፊ ነው፣ ባንከር የለም፤ ከግሪኑ ፊት የኃጢአት ሸለቆ የሚሉት ጎድጓዳ ብቻ አለ። ኮስታንቲኖ ሮካ በ1995 ኦፕን ወደ ግሪኑ ሊያወጣት የሞከራት ኳስ ከዚሁ ሸለቆ ቀረች። ከዚያው ሆኖ ወደ 20 ሜትር ገደማ ገፋትና ገባች፤ በግንባሩ ተደፍቶ መሬቱን ደበደበ። ከዚያ ከጆን ዴሊ ጋር በተደረገው የመለያ ጨዋታ 17ኛው ላይ ደረሱ፤ ሮካ ማሰሮው ውስጥ ገባ፤ ለመውጣትም ሦስት ምት ፈጀበት።